ከፔዳሉ በፊት ስንቁ፤ ለመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ውድድር እንዴት እንዘጋጅ?

ሰኞ ጠዋት ነው። አንድ የ41 ዓመት ሰው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ጉልበታቸው ተልጧል፤ ፊታቸው ላይ የኀፍረት ፈገግታ ይታያል። ንግግሩን የጀመሩት ግን ባለቤታቸው ናቸው። «ዶክተር፣ ትናንት ባሌን ላጣው ነበር» አሉኝ።

ሰውየው ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚውሉ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ከዓመት በፊት ክብደት ለመቀነስ ብለው የተራራ ብስክሌት ገዙ፤ ነገሩ ልማድ ሆነ፣ ልማዱም ፍቅር ሆነ። በዚያ እሑድ በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን ውድድር ሊወዳደሩ ተመዘገቡ። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱም በደን ውስጥ የሚያልፍ ዳገትና ቁልቁለት ነበር። «ሆዴ እንዳይከብደኝ» ብለው ቅዳሜ ማታ ሰላጣ ብቻ ቀምሰው ተኙ። ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና ያለ ስኳር ጠጥተው፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘው 2 ሰዓት ላይ ተነሡ።

የመጀመሪያውን ሰዓት ከፊተኞቹ ጋር ነበሩ። 22ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳገቱን ሲጀምሩ ግን እግራቸው እንደ ድንጋይ ከበደ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃቸው። ከብስክሌቱ ወድቀው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሌላ ተወዳዳሪ ቆሞ «ደህና ነዎት?» ቢላቸው የማይገናኝ መልስ መለሱለት። ደግነቱ ያ ሰው በቦርሳው ለስላሳ መጠጥ ይዞ ነበርና አጠጣቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው በራ፤ ንግግራቸውም ተስተካከለ።

ሁለቱ ይዘውልኝ የመጡት ጥያቄ የተለያየ ነበር። እሳቸው «እንደገና መቼ ልወዳደር?» ሲሉ፣ ባለቤታቸው ደግሞ «ልቡ ይሆናል፤ ይተወው በሉልኝ» አሉ።

በእንቅስቃሴ መሃል የወደቀ ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ሁሉ በወጉ መመርመር አለበት፤ «ድካም ነው» ተብሎ አይታለፍም። የደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ የልብ ምርመራ አነሣን፤ የደም ስኳርና የደም ማነስ ምርመራም አደረግን። ሁሉም ደህና ነበር። የሰውየው ልብ አልታመመም። ያለቀባቸው ስንቅ ነው።

ታሪካቸውን ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እነሆ በዚያ ቀን ለባልና ሚስቱ የነገርኳቸውን ለእርስዎም ላካፍልዎ። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩን። የተራራ ብስክሌት በኦሊምፒክ ውድድርነት የታየው ግን ዘግይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በአትላንታ ነው። ዛሬ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ሆነ በሌሎች ኮረብታማ ቦታዎች ብስክሌት የሚነዱ ጎልማሶች እናያለን። ይህ ለጤና ደስ የሚል ነገር ነው። የመጀመሪያው ውድድር ግን ዝግጅት ይፈልጋል።

ሰውነት ስንቁን የት ያስቀምጣል?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ሙዝ በመጨረሻ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ወዲያው ያልተፈለገው በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይከማቻል። በሕክምና ቋንቋ ግላይኮጅን ይባላል፤ እኔ ለታካሚዎቼ «የሰውነት ስንቅ» እላቸዋለሁ። በአንድ ጤናማ ጎልማሳ ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ በጡንቻዎቹ ውስጥ ደግሞ ወደ 400 ግራም ይገኛል። በአንድነት 2 ሺህ ካሎሪ ያህል ነው። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ በሰዓት ከ500 እስከ 800 ካሎሪ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ጠንከር ባለ ግልቢያ ስንቁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በጡንቻ ውስጥ ያለው ስንቅ ለዚያው ጡንቻ ብቻ ነው፤ ለሌላ አካል አይበደርም። አእምሯችንን በስኳር የሚመግበው የጉበት ስንቅ ነው። ይህ ደግሞ ሌሊት ተኝተን ሳለን በእጅጉ ይቀንሳል። ሰላጣ በልቶ የተኛና ቁርስ ያልቀመሰ ሰው ውድድሩን የሚጀምረው የጡንቻው ጎተራ ደህና ሆኖ የጉበቱ ጎተራ ተሟጦ ነው። ታካሚዬ መጀመሪያ ላይ ብርቱ የነበሩት፣ ኋላም ንግግራቸው የተምታታው በዚህ ምክንያት ነው። የጎደለው የአእምሮ ምግብ ነበር።

«የሰውነት ቅባትስ? እኔ እንደሆነ ሞልቶኛል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቀጭን ሰው እንኳ በቅባት መልክ ብዙ ሺህ ካሎሪ ተሸክሞ ይሄዳል። ነገር ግን ቅባት እንደ ግንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነዳል። ዳገት ላይ የሚፈለገው እንደ ጭራሮ ቶሎ የሚቀጣጠለው ስኳር ነው። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ብስክሌት የጀመሩ ከሆነ፣ ምግብ መቀነሱን ከውድድሩ ሳምንታት አስቀድመው ያድርጉት። በውድድሩ ሳምንት ግን ራስዎን አያስርቡ። ክብደት መቀነስና መወዳደር በአንድ ቀን አብረው አይሄዱም።

ከመመዝገብዎ በፊት

ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ካልሠሩ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ካለብዎ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ወይም በቤተሰብዎ ውስጥ በለጋ ዕድሜው በድንገት የሞተ ሰው ካለ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዘባረቅ ወይም ራስን መሳት አጋጥሞዎት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሳይመረመሩ አይወዳደሩ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ የደም ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ስለሚችል የመድኃኒቱንና የምግቡን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ማስተካከል አለባቸው። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት በኪሱ ይያዝ።

እግርን ብቻ ሳይሆን ሆድንም ማለማመድ

ብስክሌት መንዳት ለለመደ ሰው እንኳ ለመጀመሪያ ውድድር ቢያንስ ስምንት ሳምንት ዝግጅት እመክራለሁ። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል። ከእነዚህ አንዱ ረጅምና ዝግ ያለ ግልቢያ ይሁን፤ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነጋገር ከቻሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ሌላው ቀን ዳገት ደጋግሞ የመውጣት ይሁን። ሦስተኛው ደግሞ ቁልቁለት፣ ጠባብ መታጠፊያና ድንጋያማ መንገድ ላይ ፍሬን አያያዝንና ሚዛን መጠበቅን የሚለማመዱበት ይሁን። የጊዜውን ርዝመት ከሳምንት ሳምንት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀለል ያድርጉ። በመጨረሻው ሳምንት ልምምዱን ወደ ግማሽ ይቀንሱ። በዚያ ሳምንት የሚጨመር ልምምድ ጉልበት አይጨምርም፤ ያለውን ይበላል እንጂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ሆዱን ማለማመድ ነው። በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ ደም ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ ወደ ሆድና አንጀት የሚደርሰው ይቀንሳል። በዚያ ላይ የተራራ መንገድ ሰውነትን ያናውጣል። በልምምድ ጊዜ ያልሞከሩትን ምግብ በውድድሩ ቀን ቢቀምሱ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያስከትልብዎ ይችላል። ሆድ ግን እንደ እግር ይለምዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ረጅም ግልቢያ ላይ ልክ ውድድር እንደሆነ አድርገው ይብሉ፣ ይጠጡም። የውድድሩን ቀን ቁርስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በልምምድ ቀን ይሞክሩት። በውድድር ቀን አዲስ ነገር የለም፤ ምግቡም፣ መጠጡም፣ ጫማውም የተፈተነ መሆን አለበት።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በ3 ሺህ ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ከቆላ አካባቢ የሚመጡ ወይም ከዓረብ አገሮች ለእረፍት የገቡ ወገኖች «እዚያ እንዲህ እነዳ ነበር» ብለው በመጡ ማግስት ባይወዳደሩ ይሻላል። ሰውነት እስኪለምድ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ደጋው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነም ላብ ሳይታወቅ ይተናል፤ ውኃ ጥም ባይሰማዎትም ፈሳሽ ያጣሉ።

የዋዜማው ምሳና ራት

ውድድሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚወስድ ከሆነ፣ ከሁለት ቀን ጀምሮ ገበታዎ ላይ ኃይል ሰጪ ምግብ ይብዛ። ይህ ማለት ሆድ እስኪወጠር መብላት አይደለም። ከወጡ ቀንሶ ከእንጀራው፣ ከሩዙ፣ ከፓስታው፣ ከድንቹ መጨመር ነው። በዋዜማው ራትዎን ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሉ። አልጫ በእንጀራ፣ ፓስታ በቀላል ስጎ፣ ድንች በሩዝ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው።

በዋዜማው ሊርቋቸው የሚገቡም አሉ። ቅቤና በርበሬ የበዛበት ወጥ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ያቃጥላልም። ጥሬ ሥጋ በማንኛውም ጊዜ የበሽታ አደጋ አለው፤ በውድድር ዋዜማ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ባቄላ፣ ሽምብራና ጥሬ አትክልት ለጤና መልካም ቢሆኑም በዋዜማው ቢበዙ ሆድ ይነፋሉ። ጠላ፣ ጠጅና ቢራ እንቅልፍ ያበላሻሉ፤ ፈሳሽም ያስወጣሉ። ለ«መልካም ዕድል» ተብሎ የሚነሣው ብርጭቆ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳል።

የውድድሩ ጠዋት

ውድድሩ 2 ሰዓት ላይ የሚጀምር ከሆነ ቁርስዎን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይብሉ፤ ሦስት ሰዓት ቀድመው ማለት ነው። ሌሊት መነሣት ይከብዳል፤ ዳገት ላይ መውደቅ ግን ከዚያ ይብሳል። መጠኑን ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደትዎ ወደ 2 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 140 ግራም ይፈልጋል። ይህም መቶ መቶ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ዳቦዎች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና አንድ ሙዝ ነው። ዳቦ የማይስማማው ሰው አጥሚት፣ ቅቤው የቀነሰ ገንፎ ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ ሊወስድ ይችላል። በሶ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለረጅም መንገድ የያዙት ስንቅ መሆኑ በከንቱ አይደለም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ፣ ለመያዝ የሚቀል፣ ለመበጥበጥ የማያስቸግር ኃይል ሰጪ ምግብ ነው።

ጠዋት ቡና የመጠጣት ልማድ ካለዎ አንድ ስኒ አይጎዳዎትም፤ ቁርስን ግን አይተካም። ባለቤታቸው ይህን ስናገር ባላቸውን ዞር ብለው አዩዋቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን ተመለከቱ።

በመንገድ ላይ

ግልቢያዎ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማያልፍ ከሆነና በወጉ ቁርስ ከበሉ፣ ጥቂት ጣፋጭ መጠጥ ይበቃዎታል። ከዚያ በላይ ለሚወስድ ውድድር ግን በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። ይህን ለማግኘት ከውጭ የሚመጣ ውድ የታሸገ ጄል የግድ አይደለም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል አለው። አራት አምስት ቴምርም እንደዚያው። አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች 30 ግራም ገደማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ደግሞ 17 ግራም ይሰጣል። ስለዚህ በሰዓት አንድ ሙዝና አንድ ማንኪያ ማር፣ ወይም አንድ ጨው የተነሰነሰበት ድንችና ጥቂት ቴምር ካገኙ ስንቅዎ ደህና ነው።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ረሃብ ሲሰማዎ ከበሉ ዘግይተዋል፤ የበሉት ወደ ደም እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ከተነሡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መብላት ይጀምሩ፤ ከዚያም በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጉረሱ። የሰዓትዎን ደወል ቢሞሉ ይረዳዎታል፤ የውድድር ሙቀት ያስረሳልና።

የተራራ ብስክሌት ከአስፋልት ብስክሌት የሚለየው ሁለቱም እጆች መሪው ላይ መሆን ስላለባቸው ነው። ቁልቁለት ላይ መብላት አደጋ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ትንፋሽ ስለሚያጥር ምግብ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሜዳማውን ቦታ አስቀድመው በዓይነ ኅሊናዎ ይያዙት። ከተቻለ ከውድድሩ በፊት መንገዱን አንዴ ዞረው ይዩና «እዚህ እበላለሁ፣ እዚህ እጠጣለሁ» ብለው ይወስኑ። ቴምሩን ፍሬውን አውጥተው፣ ድንቹን በአንድ ጉርሻ ልክ ቆርጠው፣ ማሩን በምትጨመቅ ትንሽ ጠርሙስ አድርገው ይያዙ። የሚያስቸግር ቦታ ከሆነ ደግሞ ቆመው ይብሉ። ለመጀመሪያ ተወዳዳሪ የጠፋ ግማሽ ደቂቃ ምንም አይደለም።

ውኃና ጨው

ምን ያህል መጠጣት እንዳለብዎ የሚነግርዎ የራስዎ ሚዛን ነው። በልምምድ ቀን ከመነሣትዎ በፊት በቀላል ልብስ ይመዘኑ፤ ከአንድ ሰዓት ግልቢያ በኋላ ላቡን ጠርገው እንደገና ይመዘኑ። የቀነሱት አንድ ኪሎ ወደ አንድ ሊትር ላብ ነው፤ በመሃል የጠጡትንም ይደምሩበት። ለብዙ ሰው በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ክብደትዎ በውድድሩ መጨረሻ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ይጣሩ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ አንድ ኪሎ ከግማሽ አይሞላም።

በሌላ በኩል «ውኃ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም ስሕተት ነው። ላብ ከውኃ ጋር ጨው ይዞ ይወጣል። ጨው ሳይተካ ብዙ ተራ ውኃ ብቻ የሚጠጣ ሰው የደሙ ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ከውድድር በኋላ ክብደቱ ጨምሮ የተገኘ ሰው ከሚገባው በላይ ጠጥቷል ማለት ነው።

በቤትዎ የሚያዘጋጁት ርካሽ መጠጥ ይኸውልዎ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውኃ፣ 15 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው፣ ለጣዕም የሎሚ ጭማቂ። ይህ ወደ 60 ግራም ካርቦሃይድሬትና በላብ የወጣውን ለመተካት የሚያግዝ ጨው ይሰጥዎታል። ቢቀምሱት ከእንባ የበለጠ ጨዋማ መሆን የለበትም። በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ይጠጡ። መጠጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ከምግቡ ጋር መደመርዎን ግን አይርሱ፤ ከሰዓቱ መጠን በላይ የሆነ ጣፋጭ ሆድ ያውካል። «ኢነርጂ» እየተባሉ የሚሸጡ ካፌይን የበዛባቸው መጠጦች ለዚህ ዓላማ አይሆኑም።

ጾም ላይ ከሆኑ

ይህን ጥያቄ ከሌሎች ሁሉ በበለጠ እጠየቃለሁ። እስካሁን የዘረዘርኳቸውን ምግቦች መለስ ብለው ይመልከቱ። ዳቦ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ በሶ። የብስክሌተኛ ስንቅ አብዛኛው የጾም ምግብ ነው። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መታቀብ ብስክሌተኛን አይጎዳም፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ጡንቻን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ችግሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ እህልና ውኃ የማይቀምስ ወገን ብርቱ ልምምዱን ማፍጠሪያው ሰዓት ከደረሰ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል። ካልሆነ ከማፍጠሪያው በፊት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የሚሆን ዘና ያለ ግልቢያ ይበቃዋል። እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ተራራ ላይ መወዳደርን ግን እንደ ሐኪም አልመክርም። ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሃይማኖት መምህርዎ ጋር ይመካከሩ፤ ካልሆነም ሌላ ውድድር ይምረጡ። ውድድር በየጊዜው ይመጣል።

ሳይውል ሳያድር የሚያቆሙ ምልክቶች

ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር፣ ዓይን መጨለም፣ የልብ ምት መዘባረቅ ካጋጠመዎ ወዲያው ከብስክሌቱ ይውረዱ፤ እርዳታም ይጥሩ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚለውን ሐሳብ አይስሙት።

እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ንጭንጭና ግራ መጋባት የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው። ቆመው ጣፋጭ መጠጥ ወይም ማር ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሌላ ተወዳዳሪ እንዲህ ሆኖ ካገኙትም አይለፉት። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ጣፋጭ ይስጡ፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝተው እርዳታ ይጥሩ።

ሄልሜት ሳያደርጉ አይነሡ፤ ጓንትም ያድርጉ። ራሱን የተመታ ሰው ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ያለፈውን ከረሳ ወይም ራስ ምታቱ ከባሰበት ወደ ውድድሩ አይመለስም፤ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ሕመም እንዳይሰማቸው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አስቀድመው የሚውጡም አሉ። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። ሰውነት ፈሳሽ ባጣበት ጊዜ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትንና ጨጓራን ሊጎዱ ይችላሉ።

ከመጨረሻው መስመር በኋላ

እንደጨረሱ ወዲያው አይቀመጡ፤ ለአሥር ደቂቃ ዝግ ብለው ይንዱ ወይም ይራመዱ። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ምግብ ይቅመሱ። እንቁላል በዳቦ፣ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ ጥሩ ነው። የቀነሱትን ፈሳሽ በሚቀጥሉት ሰዓታት ቀስ አድርገው ይተኩ፤ ለአንድ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ። ምግቡ ጨው ካለው ሰውነት ውኃውን ይይዘዋል። ሽንትዎ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻዎ እጅግ ከታመመ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የጡንቻ መጎዳት ኩላሊት ላይ ጫና እያሳደረ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ወደ ጀመርነው ታሪክ ልመለስ። ባልና ሚስቱ በዚያ ሰኞ ከክፍሌ የወጡት በስምምነት ነው። እሳቸው ሦስት ወር በወጉ ሊዘጋጁ፣ ባለቤታቸውም እስከዚያ «ተወው» ላይሉ ተስማሙ። ስንቁን የማዘጋጀቱን ኃላፊነት ግን ባለቤታቸው ወሰዱ፤ «እሱ ካዘጋጀው ቡና ነው የሚይዘው» ብለው።

ከወራት በኋላ ለደም ግፊት ክትትል ሲመጡ ሁለተኛውን ውድድር እንደጨረሱ ነገሩኝ። ስንተኛ እንደወጡ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አላነሡትም። የነገሩኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው የወደቁባት ዳገት ከመድረሷ በፊት ባለችው ሜዳ ላይ ባለቤታቸው ሙዝና ጠርሙስ ይዘው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። «ያን ዳገት ያወጣችኝ እሷ ናት» አሉ። ባለቤታቸው ግን ሳቅ ብለው «ዶክተር፣ ዋናው ለውጥ እሱ አይደለም፤ አሁን ወደ ሥራም ሲሄድ ቁርስ በልቶ ነው» አሉኝ።

እርስዎም ለመጀመሪያው ውድድርዎ ሲነሡ የጎማውን ንፋስ እንደሚያዩ ሁሉ ጎተራዎን ይመልከቱ። ሰንቀው ይውጡ፤ ሳይራቡ ይብሉ፤ ሰውነትዎ ሲያስጠነቅቅዎ ይስሙት።

መልካም ጤንነት!